4.5 ዋት ነው ብዬ የጻፍኩ ማታ

በኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ክሩን (አንድ ሰው ጽፎ ሌሎች ከሥሩ መልስ የሚደረድሩበትን ገጽ) የከፈትኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱም የኔው ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ እጠግናለሁ። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የተማርኩት እስከ 12ኛ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ፣ ማታ ማታ፣ በራሴ ነው የለቃቀምኩት። ራሴን በግሉ የሚሠራ ተመራማሪ እላለሁ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። ተመራማሪ ከሆንክ ጀበናው ከመገንፈሉ በፊት ንገረኝ ትላለች።

መክፈቻው ላይ የጻፍኩት ይህን ነበር። ደንበኛ ጥሎት ከሄደ የውሃ ዲስፔንሰር ውስጥ አንዲት ነጭ ሳህን አወጣሁ። 4 በ4 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ከብስኩት አትበልጥም። ፊቷ ላይ 12706 የሚል ቁጥር አለ። እኛ ጠጋኞች ፔልቲየር እንላታለን። ኤሌክትሪክ ስትሰጣት አንዱ ፊቷ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይግላል። ዲስፔንሰሩ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚህ ነው። ነገሩን ገልብጠህ አንዱን ፊት ብታግል፣ ሌላውን ብታቀዘቅዝ ደግሞ ኤሌክትሪክ ትሰጥሃለች። ይህን ሁለተኛውን ሲቤክ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1821 ነው ያየው። ሳህኗ በስሙ የምትጠራው ፔልቲየር የፊተኛውን ያገኘው 13 ዓመት ቆይቶ ነው።

እኔም አንድ ወፍራም አሉሚኒየም ጫፉን ላቀች በምንለው የከሰል ምድጃ ላይ አስደግፌ ሳህኗን በላዩ አጣበቅኳት። ከሳህኗ በላይ ሁለት ሊትር የጣና ውሃ የያዘ ድስት አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ ለካሁ። ነፋስ ልኬቱን እንዳይረብሸው በሩን ዘጋሁት። የጋለው ፊት 112 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 32 ዲግሪ። ልዩነቱ 80። ቴስተሩ 3 ቮልት አነበበ። ከዚያ አምፒር ላይ አድርጌ ሁለቱን ሽቦ ነካሁበት፤ 1.5 አምፒር። 3 ሲባዛ በ1.5፣ 4.5 ዋት።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም። ሙቀቱ እንደሆነ ነፃ ነው፣ በከተማውና በዙሪያው 100 ሺህ የከሰል ምድጃ ቢኖር ብዬ አባዛሁት፤ 450 ኪሎ ዋት ወጣ። ከዚያ ለጠቅ አድርጌ፣ አዲስ ቴክኖሎጂ ሁልጊዜ ከትልቅ ላቦራቶሪ ይመጣል ያለው ማነው ብዬ ጻፍኩ። በመጨረሻ አንዲት ጥያቄ ጨመርኩ። ይህች ሳህን ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 0.05 ቮልት ገደማ ትሰጣለች። በ80 ዲግሪ 4 ቮልት መስጠት ነበረባት። አንዷ ቮልት የት ገባች? ከጽሑፉ ሁሉ ዋጋ ያለው ይህ ብቻ እንደነበር ያን ማታ አልገባኝም።

መልስ 1 ምርቃት ነበር። ከደብረ ታቦር የጻፈ ሰው እጄን ባርኮ፣ አገር በእንዲህ ዓይነት ልጆች ታድጋለች ብሎ ሄደ። መልስ 2 ሳህኗ ስንት እንደምትሸጥ ጠየቀ። በሁለቱ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት መልስ 3 ጠበቀኝ። ጎንደር ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እርስዎ እያለ ነው የጻፈልኝ። ሥራው እንዳስደሰተው ተናገረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ምንጣፉን ከእግሬ ሥር ሳበው። 3 ቮልቱ ምንም አምፒር ሳይሄድ የተነበበ ነው። 1.5 አምፒሩ ደግሞ ቮልቱ ዜሮ ሲሆን የተነበበ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አብረው አይኖሩም። አህያ ባዶዋን የምትሮጥበትን ፍጥነት፣ ቆማ ከምትችለው ጭነት ጋር አባዝቶ ይህን ያህል ትሠራለች ማለት ነው አለ። ጭነቱ ሲበዛ ሩጫው ይቀንሳል፤ ሩጫው ሲበዛ ጭነቱ መቅለል አለበት። ብዙ ሥራ የሚገኘው መሀል ላይ ነው። ቮልቱ በግማሽ፣ አምፒሩ በግማሽ፤ 1.5 ሲባዛ በ0.75። 1.1 ዋት ገደማ። ካልኩት ሩቡ ማለት ነው።

መልስ 4 የኔ ነው። ብሰርዘው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አድሚኑ መሰረዝ አይፈቅድም። 20 ዓመት ቴስተር እንደያዝኩ፣ ቴስተር ደግሞ እንደማይዋሽ ጻፍኩ።

መልስ 5 ፕሮፋይሉ ላይ የደንገል ታንኳ ፎቶ ያደረገ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ ባለታንኳው እለዋለሁ። ቴስተሩ እንዳልዋሸ ተስማማ። ሁለት ጊዜ ሁለት የተለያየ ጥያቄ ተጠይቆ ሁለቱንም በትክክል መልሷል፤ መልሶቹን ያባዛኋቸው እኔ ነኝ አለ። የሳህኗን ሁለት ሽቦ በሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን ጭነት በሚያሸክመው ዕቃ) አገናኝና በሬዚስተሩ ላይ ያለውን ቮልት አንብብ፣ ከዚያ እንነጋገራለን ብሎ ዘጋው።

በመልስ 6 አንቱታው አለቀ። ይህኛው ሰው አንተ ብሎ ጀመረ፤ ወንድሜ የምትል ማለዘቢያ እንኳ አልጨመረም። በየሳምንቱ አንድ ሰው ተነስቶ አገር በብርሃን ላጥለቀልቅ ነው እንደሚልና እንደሰለቸው ጻፈ። ከዚያ የኔኑ ስሌት ወስዶ ሠራው። 100 ሺህ ምድጃ በ1.1 ዋት 110 ኪሎ ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይበላል። ስለዚህ የኔ 100 ሺህ ምድጃ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ቢነድ፣ አንድም ሽቦ ባይበጠስ፣ 31 ምጣድ ያሠራል። ጢስ ዓባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ጣቢያ እንኳ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ የኔን መቶ እጥፍ። ሁለተኛው ደግሞ 73 ነው። መልሱ 40 ላይክ አገኘ። ሳነበው ጆሮዬ ጋለ። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ሠራሁት፤ ሦስቴም 31 ምጣድ።

መልስ 7 ደገፈኝ። ባይደግፈኝ ይሻል ነበር። በማግኔት ብቻ ያለ ምንም ነዳጅ ዘላለም የሚዞር ሞተር በቪዲዮ እንዳየ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች እንደደበቁት፣ እኔንም እንዲሁ ሊያፍኑኝ እንደሆነ ጻፈ። መልስ 8 ላይ የጎንደሩ መምህር ተመልሶ መጣ፤ ለዚህም ሰው እርስዎ አለ። ማግኔት ስቦ የሰጠውን ያህል ሲያላቅቁት መልሶ እንደሚወስድ አስረዳ። ቪዲዮው ላይ ያለውን ሞተር አምፖል አስሮበት አንድ ሳምንት ያለ ማንም እጅ የሚያሳይ ካለ፣ ደመወዙን እንደሚሰጥ ጨመረ። የማግኔቱ ሰው ከዚያ ወዲህ አልጻፈም። እኔ ግን ሰው አጠገቤ ማን እንደቆመ አይቶ ምን እንዳለ ገባኝ።

መልስ 9 ስለ ዋት አልነበረም። ነርስ ናት። በሩን ዘግቼ ከሰል ማንደዴን ስታነብ ሌላው ሁሉ ጠፍቶባት ነበር። አንተ ልጅ ብላ ነው የጀመረችው፤ ዕድሜዬን አታውቅም፤ ያው ሆኖ ተቆጣች። ከሰል አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚጣበቀው። መጀመሪያ ራስ ያምሃል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል። ሚስትህንም ዘግተህባታል አለችኝ። እውነቱን ልናገር፤ በነዚያ ምሽቶች ራሴን ያመኝ ነበር። ብዙ በማሰቤ ነው የመሰለኝ። ይህን መልስ ለባለቤቴ አላነበብኩላትም። በሩን ግን ከፈትኩት።

ከዚያ ክሩ ትንሽ ቀዘቀዘ። መልስ 10ን የጻፉት አንድ አዛውንት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የቀድሞ ተማሪ ነኝ ይላሉ። ትምህርት ቤቱ በሶቪየት ድጋፍ የተሠራ ስለነበር ሩሲያውያን መምህራን እንደነበሯቸው አስታወሱ። አንዱ መምህራቸው ስለ አንድ ፋኖስ ያወራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሶቪየት ገጠር ውስጥ መብራት ያልገባላቸው ሰዎች በኬሮሲን ፋኖስ ዙሪያ የብረት ክንፍ ያለው ማመንጫ ይገጥሙ ነበር። ፋኖሱ ለቤቱ ብርሃን ይሰጣል፤ ሙቀቱ ደግሞ ሬዲዮ ያስነሳል። እኔ የሠራሁት የዚያ የልጅ ልጅ ነው አሉ፤ ስለዚህ አዲስ ነው ብዬ አልኩራ፣ የማይረባ ነው ብዬም አላፍር። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ፣ እጅ ነስቻለሁ።

መልስ 11 ከፋኖሱ ቀጥሎ ወደ ሰማይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1977 የተመጠቁት ሁለቱ ቮየጀር መንኮራኩሮች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ልዩነቱ ሙቀቱ ከፕሉቶኒየም መምጣቱ ነው። ሲነሱ እያንዳንዳቸው 470 ዋት ያህል ነበራቸው። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ስለሌለው ቶሎ አይበላሽም፤ ቅልጥፍናው ግን ዝቅተኛ ነው። መልስ 12 ፕሉቶኒየም ቅዳሜ ገበያ በኪሎ ስንት እንደገባ ጠየቀ። መልስ 13 በጣሳ ነው የሚሰፈረው አለ። አድሚኑ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ አሳሰበ።

የመለሰን ባለታንኳው ነው። መልስ 14 ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። የሙቀት መለኪያህን በምን አስተካከልከው? እኔም በኩራት መለስኩ። ውሃ አፍልቼ፣ ሽቦውን ነክሬ፣ ንባቡ 94 ሲሆንብኝ 100 እንዲሆን ማባዣ ቁጥር ሠራሁለት። ማንኛውም መጽሐፍ እንደሚያዘው።

መልስ 16 አጭር ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ እዚህ የሚጫነው ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚጫነው ወደ 80 በመቶው ብቻ ነው፤ ውሃ ደግሞ የሚጫነው ሲቀንስ ቶሎ ይፈላል። ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ነው። መለኪያዬ ትክክል ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

ይህን ሳነብ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ዕድሜ ልኬን ሐይቁ ዳር የኖርኩ ሰው፣ ቤቴ ውስጥ የሚፈላው ውሃ 100 ዲግሪ ደርሶ እንደማያውቅ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወጥ ቤት ገባ። ከመልስ 17 እስከ 23 ያለው በሙሉ ስለ ጥራጥሬ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች የነሱ 92 አካባቢ እንደሆነ ገልጸው ሽምብራ ለምን እንደማይበስልላቸው አሁን ገባን አሉ። አንዷ ጅቡቲ ስትኖር ባቄላ በግማሽ ሰዓት ይበስልላት እንደነበርና አገሯ ስትመለስ ባቄላው የተለየ መስሏት እንደነበር አወራች። ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ጫናውን ስለሚመልስ እንደሚያግዝ አንድ ሰው አስረዳ፤ ሌላው ቤታቸው ጣሪያ ላይ ስለተለጠፈ ሽሮ አወራ። መልስ 22 ክትፎ አሠራር ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አድሚኑ ዝም አለ። ምናልባት ምሳ ሰዓት ስለነበር ይሆናል።

መልስ 24 ላይ ያ ምጣድ የቆጠረብኝ ሰው ተመለሰ። አሁን ግን ቁጣው ወደ ባለታንኳው ነበር። በሁለቱም ፊት ያነበብኩት በአንድ መለኪያ ነው፤ 6 ዲግሪ ቢሳሳት በሁለቱም 6 ይሳሳታል፤ ስትቀንሰው ይጣፋል፤ 80ው 80 ሆኖ ይቀራል አለ። ጥሩ መከራከሪያ ነው። ባለታንኳው መልስ 25 ላይ እንዲያ የሚሆነው ደምሬ ቢሆን ነው፣ እኔ ግን አባዝቻለሁ ብያለሁ አለው። ስለዚህ 80ው በ94 ተባዝቶ ለ100 መካፈል አለበት፤ 75 ይሆናል። ሁለቱ በዚህ ጉዳይ አራት መልስ ተጻጻፉ፤ እየቆየ ስለ ፊዚክስ ይሁን ስለ አስተዳደግ የማይታወቅ ሆነ። መጨረሻ ላይ የምጣዱ ሰው ልክ ነህ ብሎ ጻፈ። በመድረኩ ላይ ይህን ሁለት ቃል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እንግዲህ 75 በ0.05 ሲባዛ 3.75 ነው። 3 ነው ያነበብኩት። 15 ዲግሪ አሁንም ጠፍቷል። በመልስ 30 ይህን የፈታው ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ነው። መለኪያዬ የነካው አሉሚኒየሙንና ድስቱን እንጂ ሳህኗን አይደለም። በሁለቱ ብረቶችና በሳህኗ መሀል ለዓይን የማይታይ ሸካራ ቦታ አለ፤ እዚያ ውስጥ አየር አለ፤ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ዲግሪው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል። ኮምፒውተር ላይ ተርማል ፔስት የሚቀባው ለዚህ ነው አለ። በምን እንዳጣበቅኩት ጠየቀ።

በኮልጌት ነው። የጥርስ ሳሙና። እውነቱን ጻፍኩ።

የጠበቅኩትን ያህል አልተሳቀብኝም፤ ምክንያቱም ልጁ ራሱ ኮልጌት ለጊዜው እንደሚሠራ አመነ። ችግሩ ውሃው ሲደርቅ ነው። ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ አየር ይገባበታል። ከመፍያው በላይ በጋለ አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይደርቃል። ሌላም ነገር አስጠነቀቀኝ። የዚህ ዓይነት ብዙ ሳህኖች ውስጣቸው ያለው ብየዳ በ138 ዲግሪ የሚቀልጥ ነው፤ የተሠሩት ለማቀዝቀዝ እንጂ ለእሳት አይደለም። ቁጥሩንም ተረጎመልኝ። 127 ማለት 127 ጥንድ ቁርጥራጭ በተርታ ማለት ነው፤ 06 ማለት 6 አምፒር። ስንት ሳህን ቀይሬያለሁ፤ ቁጥሩን ግን አንብቤው አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ልበል። ለብቻዬ የምሠራ ሰው ነኝ ስል የሚጎድለኝ ላቦራቶሪ ይመስለኝ ነበር። ውድ መሣሪያ ያለው ክፍል፣ ነጭ ጋዋን። ለካ የጎደለኝ በምን አጣበቅከው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። አጠገቤ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር መክፈቻውን አልጽፈውም ነበር።

መልስ 33 ሶላር ይሸጣል፤ መሸጡንም አልሸሸገም። አንድ ትንሽ 10 ዋት ፓኔል ጣሪያ ላይ ቢቀመጥ ያለ ከሰልና ያለ ጭስ ከኔ ምድጃ ብዙ እጥፍ ይሰጣል አለ። ልክ ነው። የምከራከርበት ነገር አላገኘሁም። የተከራከረችው መልስ 34 ናት፤ የጎርጎራ ልጅ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሐይቁ ደመና ለብሶ ሲውል ፓኔሉ ምን እንደሚሰጥ ጠየቀችው። ደግሞ ሰው ስልኩን የሚፈልገው ማታ ነው፤ ከሰሉም የሚነደው ማታ ነው። ሻጩ ባትሪ ግዙ አለ። ባትሪም እሱ ይሸጣል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ መልስ 36 ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ በጣም ትሑት። ሙቀቱ ነፃ ነው ማለቴን ነው የያዘው። በሳህኗ ውስጥ ለ60 ዲግሪ ልዩነት 35 ዋት ያህል ሙቀት ያልፋል፤ ከዚያ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሆነው 1.1 ዋት ብቻ ነው። ቀሪው ድስቱ ውስጥ ይገባል። ሁለት ሊትር ውሃን በሰዓት 15 ዲግሪ ያሞቀዋል። ያኔ ልዩነቱ ከ60 ወደ 45 ይወርዳል፤ ኃይሉ ደግሞ ልዩነቱ በካሬ ስለሆነ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ስንት ዋት ከማለት በፊት ሳጥኑን፣ ማለትም የምትቆጥረውን ከማትቆጥረው የሚለየውን መስመር፣ የት እንዳሠመርክ ተናገር አለ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በሌዘር ባደረጉት የፊውዥን (የአቶም እምብርቶችን አዋህዶ ኃይል የማግኘት) ሙከራ 2.05 ሜጋ ጁል አስገብተው 3.15 አገኙ ተብሎ ዓለም አጨበጨበ። ሳጥኑ የተሠመረው ኢላማው ላይ ነው። ሌዘሮቹ ከግድግዳ የሳቡት ግን 300 ሜጋ ጁል ያህል ነበር። ሳይንቲስቶቹ አልዋሹም፤ የት እንደለኩ ተናግረዋል። እኔ አልተናገርኩም።

እውነት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ንባቡ ወርዶ ነበር። ከሰሉ የደከመ መስሎኝ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ጻፍኩ።

ግን መልስ 37ን ተመልከቱ። አንዲት ሴት ተማሪውን፣ የሞቀው ውሃ ለምን ኪሳራ ሆኖ ተቆጠረ ብላ ጠየቀችው። ቡና ካለቀ በኋላ ሲኒ በምን ይታጠባል? ሁለት ሊትር ለብ ያለ ውሃ ቤት ውስጥ ሁሌም ይፈለጋል፤ ለሱ ተብሎ ሌላ ከሰል ይነዳል። ሳጥኑን ሰፋ አድርጋችሁ ሲኒውንም አስገቡበት አለች። ተማሪው ቆም ብሎ አስቦ ሳይሆን አይቀርም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው ተስማማሁ ያለው። ከክሩ ሁሉ አንድ መልስ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። እኔ ለኤሌክትሪኩ ብዬ ውሃውን ማቀዝቀዣ አደረግኩት። እሷ ግን ውሃውን ዋና አድርጋ ኤሌክትሪኩን ምርቃት አደረገችው።

መልስ 39 ሊያጽናናኝ ፈልጎ ናካሙራን አነሳ። ሰማያዊ ኤልኢዲ ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሁለት ሌሎች ጋር የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመ የጃፓን ተወላጅ ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳይሆን ቶኩሺማ በምትባል ቦታ ባለ አንድ የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ነበር የሚሠራው። የምጣዱ ሰው መልስ 40 ላይ ይህን አስተካከለ፤ ያለ እሱ አይሆንም። ኩባንያው ለሰውዬው ገንዘብና ማሽን ሰጥቶታል፣ ለአንድ ዓመትም ፍሎሪዳ ልኮ አስተምሮታል። ብቻውን አልነበረም። አለቃው አምኖበት ነበር። ከኔ ጋር የሚያመሳስለው ዕቃዎቹን ራሱ መፈታታቱና መጠገኑ ብቻ ነው አለ። ከሱ ይህን መስማት ለኔ ሙገሳ ነው፤ እንደዚያው ወሰድኩት።

ሁለት ሦስት መልስ ስለ እምቦጭ ነበር። ሐይቁ ላይ ያለውን ሁሉ አጭደን ብናነድደውስ የሚል ሐሳብ። ባለታንኳው እምቦጭ ከ100 እጅ 90 እና ከዚያ በላይ ውሃ እንደሆነ፣ ለማድረቅ የሚፈጀው ሙቀት እንዳለ አስታወሰ። ባዮጋዝ ይሻላል የሚል ተነሳ፤ ክሩ ሌላ ክር ይውጣለት ተባለ።

እሑድ ማታ መልስ 46ን ጻፍኩ። በሩ ክፍት ነው። ኮልጌቱን ፍቄ ከልጁ የተገዛ ተርማል ፔስት ቀባሁ። በአራት ብሎን ጠበቅ አደረግኩት። ማባዣ ቁጥሩን ሰረዝኩ። ያለ ሬዚስተር 2.6 ቮልት፤ ነፋሱ ከሰሉን ስለሚጫወትበት ካለፈው ያንሳል። ከዚያ ሬዚስተር አስገባሁ። በ1 ኦም (ኦም የሬዚስተር መለኪያ ነው) 0.75 ዋት። በ2 ኦም 0.85። በ4 ኦም እንደገና 0.75። አህያዋ መሀል ላይ ተገኘች። ሳጥኔን ሬዚስተሩ ላይ ነው ያሠመርኩት፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ነው የለካሁት ብዬ ጻፍኩ። ምድጃ አላባዛሁም።

መምህሩ እንኳን ደስ አለዎት አለ። አዛውንቱ ስለ ፋኖሱ ሌላ ታሪክ ጨመሩ። ነርሷ የበሩን ፎቶ ጠየቀችኝ፤ የሬዚስተሩን ሳይሆን የበሩን። ላክሁላት። የምጣዱ ሰው አንድ ላይክ ብቻ አስቀምጦ፣ አንድ ስልክ ባትሪ 15 ዋት ሰዓት ገደማ እንደሚይዝ አስታወሰ። በ0.85 ዋት 18 ሰዓት ነው፤ ቮልቱን ወደ 5 የሚያወጣው ሰርኪዩት የሚበላውን ስትጨምር ከ20 ያልፋል። ይህን ያህል ቡና የሚፈላበት ቤት ካለ አድራሻውን ላኩልኝ አለ። ለአንድ ኤልኢዲ አምፖል ግን እንደሚበቃ፣ ኩራዝም አጠገቡ እንደማይደርስ ራሱ ጨመረ። ባለታንኳው ታንኳው ላይ ሌሊት የሚያበራ ቢገኝ እንደሚወድ ጻፈ፤ ለካ ፎቶው የራሱ ነው።

የመጨረሻው መልስ 52 ነው። ክሩን ከላይ እስከ ታች እንዳላነበበ ያስታውቃል። ቤቱ ያለው የውሃ ዲስፔንሰር አላቀዘቅዝ ብሎታል፤ ሱቄ የት እንደሆነ ጠየቀ። ነገርኩት። ማክሰኞ በባጃጅ ጭኖ አመጣው። ፈታሁት። ሳህኗ ደህና ናት፤ የሞተው ፋኑ ነው። ፋኑን ቀይሬ ሳህኗን እዚያው መለስኳት።